ልጃችሁ ወድቆ ጥርሱ ወለቀ? ሐኪም ቤት እስክትደርሱ እንዲህ አድርጉ

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ጥርስ ክፍል ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሑድ ስልኬ ሲጮህ ብዙ ጊዜ ሳላነሳው አውቀዋለሁ። የደማ ከንፈር ፎቶ ነው። ከሥሩ «እባክሽ ልጄ ከሳይክል ወድቆ ጥርሱ ወለቀ፣ ምን ላድርግ?» የሚል አለ። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጭ ብዬ ስጽፍ ደቂቃው ይሄዳል፣ የወለቀ ጥርስ ደግሞ ደቂቃ አይጠብቅም። ስለዚህ መልሱን አንዴ እዚህ ላስቀምጠው። ልጅ ያላችሁ፣ የምታስተምሩ፣ ሳይክል የምታከራዩ፣ ዛሬ ምንም ሳይፈጠር አንብቡት። ደም እያያችሁ የምታነቡት ነገር አይገባችሁም።

ቤት ውስጥ ይኑራችሁ

- ንጹሕ ጎዝ። ከሌለ ታጥቦ የተተኮሰ የነጠላ ቁራጭ ወይም መሀረብ። ጥጥ አይሁን፣ ክሩ ቁስሉ ላይ ይቀራል።
- ክዳኑ የሚገጥም ትንሽ ዕቃ። የቅመም ብልቃጥ በደንብ ታጥቦ ይበቃል።
- ሁለት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ (ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ዱቄት)። ለምን እንደሆነ እርምጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።
- የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ ጓንት፣ በረዶ።
- የክትባት ካርዱ፣ የት እንዳለ በሚታወቅ ቦታ።

መብራት ስልካችሁ ላይ አለ።

1. ጥርሱን ለጊዜው ተዉት፣ ልጁን እዩት

አፍ ትንሽ ተቆርጦ ብዙ ይደማል። ምራቅ ሲቀላቀልበት አንድ ማንኪያ ደም አንድ ብርጭቆ ይመስላል። ስለዚህ ደሙን አትዩ፣ ልጁን አናግሩት። ስሙን ይናገራል? የት እንደወደቀ ያውቃል? ያለ ችግር ይተነፍሳል?

አስቀምጡትና ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፣ ደሙን ይትፋ። በጀርባው አታስተኙት። ደሙ ወደ ጉሮሮው ከሄደ ያንቀዋል። ከዋጠው ደግሞ ያስመልሰዋል፣ ያን ጊዜ ትውከቱ የመጣው ከዋጠው ደም ይሁን ከጭንቅላቱ መምታት ለመለየት እንቸገራለን።

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ የጥርሱን ነገር እርሱት፦

- ራሱን ስቶ ነበር፣ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን
- ደጋግሞ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ይዘባርቃል ወይም አንቀጠቀጠው
- ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳል
- ሁለቱም ዓይኖቹ ዙሪያ ወይም ከጆሮው ኋላ ጠቁሯል
- የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቷል

እነዚህ የጭንቅላት ምልክቶች ናቸው። 907 ደውሉና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፣ ወይም በቀጥታ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል። ከማንጎ ዛፍ ላይ የወደቀ ወይም ባጃጅ የገጨው ልጅ ከሆነና አንገቱን ካመመው፣ ተሸክማችሁ ባጃጅ ውስጥ አታስገቡት። አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ ባለበት ያዙትና አምቡላንሱን ጠብቁ።

2. ደሙን አቁሙ

ጎዙን አጥፉና ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ጫኑ። በሰዓት 10 ደቂቃ። ሁሉም ሰው በየደቂቃው ከፈት አድርጎ ያያል፣ ባየ ቁጥር ደግሞ የረጋውን ደም ይነቅለዋል፣ ከዚያ «አልቆም አለ» ብሎ ይደውልልኛል። ጥርሱ ከወለቀበት ጉድጓድ የሚደማ ከሆነ ጎዙን ይንከስበት። ጥርሱ እጃችሁ ላይ ካለና ቋሚ ከሆነ ግን ይሄን 10 ደቂቃ አትጠብቁ፣ ወደ እርምጃ 5 እለፉ።

የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ሥጋ አለ። ሕፃናት ሲወድቁ ቶሎ ይቀደዳል፣ ደሙም ያስፈራል። አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አይፈልግም። ከንፈሩን ከውጭ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ከቆመ በኋላ ለማየት ብላችሁ ከንፈሩን አትገልብጡ፣ እንደገና ይከፈታል። ገና መራመድ ያልጀመረ ሕፃን ላይ ይሄ ከተቀደደ ግን እንዴት እንደሆነ ደጋግመን እንጠይቃለን። አትቀየሙን፣ ልጁን መጠበቅ ሥራችን ነው።

አፍንጫ ሲደማ ጎንበስ ይበልና አፍንጫውን ከአጥንቱ በታች፣ ለስላሳው ላይ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጨምቃችሁ ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቡና አትነስንሱበት! አያቶቻችን በቅንነት ነው የሚያደርጉት፣ ደሙም የቆመ ይመስላል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ያንን ዱቄት ከቁስሉ ውስጥ ፍቀን ማውጣት አለብን፣ ልጁ በሁለተኛው ዙር የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። ቤንዚን፣ አረቄ፣ የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ።

3. እጠቡና በደንብ እዩ

ፊቱን በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ኮብልስቶን ላይ የተፋቀ ቆዳ ውስጥ አሸዋ ከቀረ፣ ቁስሉ ሲድን እንደ ንቅሳት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ልጁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት፣ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ተጠንቀቁ። መብራት አብሩና በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ጥርሶቹን ቁጠሩ። ክፍት ቦታ ካለ ጥርሱ የሆነ ቦታ ነው ያለው። መሬት ላይ፣ ልብሱ ላይ፣ አፉ ውስጥ ፈልጉ። የተሸረፈ ጥርስ ካለና ከንፈሩ ከተቀደደ፣ ስባሪው ከንፈሩ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ይሄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ከተሰፋ በኋላ ከንፈሩ እያበጠ ይመለሳል። ለሐኪሙ «ስባሪውን አላገኘነውም» በሉት፣ ከንፈሩን ራጅ ያስነሳዋል። ጥርሱ ጠፍቶ ልጁ ማሳል ወይም ሲር ሲር እያለ መተንፈስ ከጀመረ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ድንገተኛ ክፍል።

ቀጥሎ ይንከስ። «ጥርስህ እንደ ድሮው ይገጥማል?» በሉት። ልጅ ይሄን ጥያቄ በደንብ ይመልሳል። አልገጠመም ካለ ወይ ጥርስ ተንቀሳቅሷል፣ ወይ መንጋጋ ተሰብሯል።

አገጭ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው በብዛት የምንሸወደው። ልጁ በአገጩ ይወድቃል፣ አገጩ ይተረተራል፣ ይሰፋለታል፣ ሁሉም ይረካል። ምቱ ግን አገጩ ላይ አይቆምም። ወደ ላይ ሄዶ ከጆሮው ፊት ያለውን የመንጋጋ መጋጠሚያ ሊሰብር ይችላል። ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቻችሁን ከጆሮዎቹ ፊት ለፊት አድርጉና አፉን ይክፈት፣ ይዝጋ። እዚያ ጋ ካመመው፣ ሲከፍት አገጩ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ወይም ከጆሮው ደም ከወጣ፣ ስፌቱ ብቻ አይበቃም። የመንጋጋው ዕድገት አንዱ ምንጭ ያ መጋጠሚያ ነው። ሳይታከም ከቀረ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ሊያድግ፣ ሲብስም መጋጠሚያው ተጣብቆ አፉ አልከፈት ሊል ይችላል።

ዓይን፦ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ጣታችሁን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይከተል። ወደ ላይ ማየት ካቃተው ወይም አንዱ ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ዓይኑ ባይቀላም እንኳ የዚያኑ ዕለት ይታይ። በልጆች የዓይን ጎድጓዳ አጥንት ሲሰነጠቅ ጡንቻውን ቆንጥጦ ይይዘዋል።

አፍንጫ፦ በመብራት ውስጡን እዩ። መሐል ያለው ግድግዳ አብጦ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነና መተንፈሻውን ከዘጋ፣ ደም ተጠራቅሟል። ዛሬውኑ ካልፈሰሰ ውስጡ ያለው ልም አጥንት ይሞትና አፍንጫው ይሰምጣል።

ጉንጩ በጥልቀት ከተቆረጠ ፈገግ ይበል። አንዱ ጎን ካልተነሳ ነርቭ ተነክቷል።

4. የወተት ጥርስ ነው ወይስ ቋሚ?

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ከ6 ዓመት በታች ከሆነ በአብዛኛው የወተት ነው። የታችኞቹ መሐለኛ የፊት ጥርሶች በ6 እና በ7፣ የላይኞቹ በ7 እና በ8 ዓመት ገደማ ይተካሉ። ከ6 እስከ 12 ባለው ጊዜ ሁለቱም አፍ ውስጥ ስላሉ ጥርሱን እዩ። የወተት ጥርስ ትንሽ፣ ወተት የመሰለ ነጭ ነው። ቋሚው ሰፋ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሲሆን አዲስ ከሆነ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ሦስት ጉብታ አለው። ሥሩም ረጅም ነው።

የወተት ጥርስ ከሆነ አትመልሱት። ከሥሩ የቋሚው ጥርስ ቡቃያ አለ፣ ስትገፉት ታበላሹታላችሁ። ጥርሱን ግን ሙሉ መሆኑን እንድናይ ይዛችሁልን ኑ፣ ከዚያ በኋላ ጣራ ላይ ቢወረወር አልቃወምም።

ቋሚ ከሆነ ቀጥሉ፣ ፍጠኑ።

5. የወለቀውን ቋሚ ጥርስ እዚያው መልሱት

አዎ፣ እናንተው። ሐኪም ሳትጠብቁ። የጥርሱ ሥር ላይ በዓይን የማይታዩ ሕያው ሴሎች አሉ፣ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር መልሰው የሚያያይዙት እነሱ ናቸው። ሲደርቁ ይሞታሉ። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከተመለሰ ዕድሉ በጣም ጥሩ ነው። ከ60 ደቂቃ በላይ ደርቆ ከቆየ ሴሎቹ አልቀዋል ማለት ይቻላል።

ሀ. ጥርሱን በነጩ በኩል፣ ሲስቅ በሚታየው ክፍል ያዙ። ሥሩን አትንኩ።

ለ. ከቆሸሸ በወተት ወይም በኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውሃ) አለቅልቁት። ከሌለ ልጁ ራሱ ይላሰው፣ ወይም ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አፍስሱበት። ሐይቁ ዳር ከወደቀ በጣና ውሃ አትጠቡት። አትፈትጉት፣ ሥሩ ላይ የተንጠለጠለች ሥጋ ብታዩም አትቁረጧት።

ሐ. አቅጣጫውን አረጋግጡ። ወደ ከንፈር የሚዞረው ጎን ለስለስ ብሎ ወጣ ያለ ነው። ወደ ምላስ የሚዞረው እንደ ማንኪያ ሆድ ገባ ያለ ነው። ጎን ያለውን ጥርስ እያያችሁ አመሳስሉ።

መ. በቀስታ ወደ ጉድጓዱ ግፉ። የረጋ ደም ካለ በመጠኑ ይታገላችኋል፣ ከዚያ እየተንሸራተተ ይገባል። ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር እኩል ሲሆን አቁሙ። በኃይል የሚገፋ ከሆነ ተዉት፣ አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

ሠ. የታጠፈ መሀረብ በቀስታ ነክሶ ይያዝና ወዲያው ጉዞ።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት ከዘጌ ደወለ፣ ልጁ 9 ዓመቱ ነው፣ ጀልባው ገና አልተነሳም። እጁ እየተንቀጠቀጠ መሆኑ በድምፁ ያስታውቅ ነበር። «እኔ? በእጄ?» አለኝ። ከላይ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ባሕር ዳር ሲደርሱ ጥርሱ ትንሽ ተጣሞ ነው የገባው፣ ያንን ማስተካከል ለእኛ ቀላል ነው። ደርቆ የመጣውን ነው የማንችለው።

የማትመልሱባቸው ጊዜያት፦ ልጁ ራሱን ስቶ ከነበረ ወይም ከደነዘዘ (ሊውጠው ይችላል)፣ ፈጽሞ አልይዝ ካለ፣ ወይም ከባድ የልብ ሕመም ወይም የሰውነት መከላከያ አቅም ችግር እንዳለበት የምታውቁ ከሆነ። ያን ጊዜ ወደ 6።

6. መመለስ ካልተቻለ አታድርቁት

አንድ ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡና ጥርሱ እስኪሸፈን ብልቃጡ ውስጥ አፍስሱ። ወይም ወተት፣ ቢቻል ቀዝቃዛ። ቅባት ይኑረው አይኑረው ለውጥ የለውም። እርጎና አጓት አይሆኑም፣ ኮምጣጣ ናቸው። ሁዳዴ ላይ ወተት የሌለው ቤት ስለሚበዛ ነው ኦ.አር.ኤስ ግዙ የምላችሁ፣ ማንኛውም ፋርማሲ ያለው ነገር ነው። ሁለቱም ከጠፉ ልጁ ዕቃው ውስጥ ይትፋና ጥርሱን በምራቁ ንከሩት፣ ወይም ምራቅ አስነክታችሁ በስስ ላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት።

ውሃ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ሴሎቹ ውሃውን እየሳቡ አብጠው ይፈነዳሉ። ቢሆንም ከመድረቅ ይሻላል።

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ አንዲት እናት ከ40 ደቂቃ በኋላ ደረሰች። ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣች፣ ሶፍቱን ፈታችው፣ ጥርሱ እንደ ዛጎል ነጭ ሆኖ ያበራል። «በሳሙና ጥሩ አድርጌ ነው ያጠብኩት» አለችኝ። ምን ይባላል? አመሰገንኳት። ሥሩ ላይ ምንም የቀረ ነገር አልነበረም። ሶፍት ደግሞ ያለችውን እርጥበት መጥጦ ይጨርሳል።

እንዲህ ተሳስታችሁ ከሆነም፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈም አትጣሉት። ለዘለቄታው ላይሆን ይችላል፣ ግን በማደግ ላይ ያለ ልጅ ላይ የድዱን አጥንት ለዓመታት ይዞ ያቆይልናል።

7. ጥርሱ ካልወለቀስ?

*ከተሸረፈ፦* ስባሪውን ፈልጉና ወተት ወይም ውሃ ውስጥ አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ መልሶ ይለጠፋል። ስብራቱ መሐል ቀይ ነጥብ ከታየ የጥርሱ ሕያው ክፍል ተጋልጧል፣ የዚያኑ ቀን ይታይ። ነጭ ወይም ቢጫ ብቻ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ይችላል።

*ከተነቃነቀ ወይም ቦታውን ከለቀቀ፦* እያነቃነቃችሁ አትሞክሩት። ቋሚ ከሆነ ዛሬውኑ። የወተት ከሆነና አፉን ለመግጠም ካስቸገረው እሱም ዛሬ።

*ወደ ድዱ ከገባ፦* ስባችሁ አታውጡት። ገብቶ የቀረ የወተት ጥርስ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይወርዳል። የገባው ቋሚ ጥርስ ከሆነ ግን የዚያኑ ቀን።

*ከንፈር፦* ቁስሉ የከንፈሩን ቀይ ጠርዝ ካቋረጠ ስፌት ይፈልጋል። በአንድ ሚሊሜትር ከተዛባ ዕድሜ ልኩን ይታያል።

*ውሻ ከነከሰው፦* ፊቱን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት ሂዱ። ፊት ለአንጎል ቅርብ ነው፣ «ውሻውን እናውቀዋለን» ብላችሁ አትዘግዩ።

8. ስትሄዱ

የጥርስ ክፍል ሌሊትና እሑድ ክፍት ላይሆን ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ባለሙያ መኖሩን ጠይቁ። ከተማውን ዞራችሁ ግማሽ ሰዓት ከማቃጠል አንድ ስልክ ይሻላል። ደርሳችሁ ካርድ ሳይወጣ በፊት «የወለቀ ቋሚ ጥርስ ይዘናል» በሉ። ስንት ሰዓት እንደወደቀ፣ የት እንደወደቀ፣ ጥርሱ በምን እንደቆየ፣ መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ፣ ሁሉንም ንገሯቸው። የክትባት ካርዱን ስጡ። መሬት የነካ ቁስል ስለሆነ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ የሚያዩት ከዚያ ነው።

9. ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥም። የሽሮፑ ጥንካሬ ይለያያልና ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ ወይም ፋርማሲስቱ በልጁ ኪሎ ያስላላችሁ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ክኒን ፈጭቶ ወይም ነጭ ሽንኩርት ድዱ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥለዋል እንጂ አያስታግስም። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከውጭ በኩል ያዙለት።

ለ2 ሳምንት ለስላሳ ምግብ፦ አጥሚት፣ ገንፎ፣ በሽሮ የራሰ ፍትፍት። ቆሎ፣ ሸንኮራና መንገድ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ ይቆዩ። ብዙ ሰው አፉን ስላመመው ብሎ ጥርሱን ማጽዳት ያቆማል፣ ድዱ የሚያመረቅዘው ያኔ ነው። በለስላሳ ብሩሽ ይቦረሽ፣ ከምግብ በኋላም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ይጉመጥመጥ። ሳይክል፣ ኳስና መጋፋት ለ2 ሳምንት የለም።

ተመልሶ የገባ ጥርስ ላይ የምናስረው ቀጭን ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ይወጣል። ሥሩ ዕድገቱን የጨረሰ ጥርስ ከሆነ በነዚያው 2 ሳምንታት የሥር ሕክምና ይጀመራል። ሽቦው ሲወጣ «አለቀ» ብለው የሚጠፉ ብዙ ናቸው፣ ጥርሱን የምናጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። በ4 ሳምንት፣ በ3 ወር፣ በ6 ወር፣ በዓመት፣ ከዚያም በየዓመቱ ይታይ።

በመሐሉ ጥርሱ ግራጫ ከሆነ፣ ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ መግል የያዘ ነገር ከወጣ፣ ፊቱ ካበጠ ወይም ካተኮሰው ቀጠሮ አትጠብቁ። የወተት ጥርስ መጥቆሩ ብቻውን ግን ለመንቀል ምክንያት አይደለም፣ አንዳንዴ ቀለሙ ይመለሳል።

ፎቶ የምትልኩልኝ ሰዎች፣ ከንፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ከፊት ለፊት አንሱ፣ ዕድሜውንና የወደቀበትን ሰዓት ጻፉ። ጥርሱን ግን ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ከወተቱ አታውጡት።